እጅዎን ያምጡ

መገናኛ፣ ከታክሲ መጫኛው ትንሽ ፈንጠር ብሎ፣ አንድ ወጣት ነጭ ጋውን ደርቦ በፕላስቲክ በርጩማ ላይ ተቀምጧል። ፊት ለፊቱ ሚዛን፣ ጭኑ ላይ የደም ግፊት መለኪያ። «ኪሎ! ግፊት!» ይላል፤ ድምፁ ከረዳቶቹ «ሲኤምሲ! ሲኤምሲ!» ጋር ይጋጫል። ስልሳ ዓመት የሚሆናቸው አንድ ሰው የእግረኛውን ድልድይ ወጥተው ወርደው፣ እያለከለኩ መጡና ቁጭ አሉ።

«እጅዎን ያምጡ።»

ኮታቸውን ሳያወልቁ እጅጌውን ወደ ላይ ሰበሰቡት። ጨርቁ ከመታሰሩ በፊት ክንዳቸው በገዛ ኮታቸው ታንቋል። ጨርቁ እየተነፋ ሳለ ስልካቸው ጮኸ፤ አነሱት። «እየተለካሁ ነው… ግፊት… ኧረ ብሩን አትስጠው ብዬሃለሁ!» ልጁ በትዕግሥት ጠበቀ። 160 በ95።

ደንቡ እንዲህ ነው፦ አምስት ደቂቃ ጸጥ ብሎ መቀመጥ፣ ጀርባን ማስደገፍ፣ እግርን አለማጠላለፍ፣ ባዶ ክንድን በልብ ትክክል ማሳረፍ፣ ቀድሞ ሽንት ቤት ደርሶ መምጣት፣ ባለፈው ግማሽ ሰዓት ውስጥ ቡናም ሲጋራም አለመቅመስ፣ አፍን መዝጋት። ሰውየው አንዱንም አላሟሉም። የተለካው የመገናኛ ግፊት ነው ብል ይቀለኛል።

ልጁን ግን አልወቅሰውም። ብዙ ሰው ክንዱን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚዘረጋው እንዲህ ባለ በርጩማ ላይ ነው። ጤና ጣቢያ ለመሄድ መታመም ያስፈልጋል፤ ግፊት ደግሞ አያሳምምም። ልጁ ትኬት በምታህል ወረቀት ቁጥሩን ጽፎ ሰጣቸው። «ከፍ ብሏል አባባ፣ ጤና ጣቢያ ሄደው ይታዩ።» ወረቀቷን እንደ ሎተሪ አጥፈው ደረት ኪሳቸው ከተቷት።

፨

ያን ክንድ የሚያንቅ ጨርቅ ያመጣልን ጣልያናዊ ነው፤ ሺፒዮኔ ሪቫ ሮቺ ይባላል። መሣሪያውን ያስተዋወቀው በቱሪን ከተማ፣ እ.ኤ.አ. በ1896 ነው። አዎ፣ የአድዋው ዓመት። የአገሩ ጦር ተራራ ለተራራ ሲበተን በከረመበት ዓመት፣ ሰውየው የቀለም ብልቃጥ፣ የመዳብ ቱቦ፣ ትንሽ ሜርኩሪና የብስክሌት ከመነዳሪ ለቃቅሞ የሰው ደም ምን ያህል እንደሚገፋ ለካ። ዛሬም ሜርኩሪው ከመሣሪያው ከጠፋ በኋላ ቁጥሩ የሚነገረው በ«ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ» ነው።

በዚያው ዓመት የሩሲያ ቀይ መስቀል ሐኪሞች የአድዋ ቁስለኞችን ሊያክሙ አዲስ አበባ ገቡ። የሪቫ ሮቺን መሣሪያ የሞላውም ሩሲያዊ ነው። ኒኮላይ ኮሮትኮፍ የተባለ የጦር ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1905 ማዳመጫውን ክርን ላይ ለጠፈና ያነቀው ጨርቅ ሲላላ የሚሰማውን ጠብ ጠብ አዳመጠ። የመጀመሪያው ጠብታ ሲሰማ የላይኛው ቁጥር፣ ድምፁ ሲጠፋ የታችኛው። ግኝቱን ያቀረበበት ጽሑፍ አንድ ገጽ እንኳ በቅጡ አይሞላም። እንዲህ አጥር ብሎ ይህን ያህል ክንድ ያዘረጋ ሌላ ጽሑፍ አላውቅም።

የአድዋው ንጉሥ በመጨረሻ የተሸነፉት በዚሁ በደም ሥር ነገር ነው። ምኒልክን እ.ኤ.አ. በ1909 ከባድ ስትሮክ መታቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1913 እስኪሞቱም ድረስ አካላቸውም አንደበታቸውም አልተመለሰም። ቤተ መንግሥቱ ያን ሁሉ ዓመት ሹክሹክታ ሆኖ ከረመ።

፨

«ደም ብዛት» የሚለውን ስም ማን እንዳወጣው እንጃ፤ የሠራው ጥፋት ግን ብዙ ነው። ስሙን የሰማ ሰው ደሙ የሞላበት ይመስለዋል። ሥጋ ያቆማል፣ ቀይ ሥርና ምስር ይሸሻል። ድሮ ቢሆን ዋገምተኛ ተጠርቶ፣ ቀንድ ተለጥፎ፣ ደሙ «ይቀነስለት» ነበር። ጎረቤቴ ወይዘሮ ሐኪም ዘንድ ሄደው ሁለት ነገር ተነገራቸው፤ ደም ብዛትም ደም ማነስም አለብዎት። ተቆጥተው ተመለሱ። «ወይ ይብዛ ወይ ይነስ! ሰው እንዴት በሁለቱም ይታመማል? ያ ሐኪም ልጅ ነው፣ ገና አልተማረም» አሉኝ።

ሐኪሙ ትክክል ነበር። ደም ማነስ የቀይ ደም ሕዋስ ጉዳይ ነው፤ ምን አለበት፣ ምን ጎደለው የሚል። ግፊት ደግሞ ደሙ የቱቦውን ግድግዳ ምን ያህል ይገፋል የሚል ነው። ኩላሊት ሲደክም ሁለቱም ባንድ ሰው ላይ አብረው መምጣታቸው የተለመደ ነው። ደህና፣ አሁን «ደም ግፊት» የሚለው ስም እየበረታ ነው። በመንደር ግን አሁንም «ብዛቱ ተነሥቶብኝ» ይባላል፤ በተለይ ቤት ኪራይ በተጨመረ ሰሞን።

፨

ደም እንደሚዞር የታወቀው በሒሳብ ነው፤ ይህ ይደንቀኛል። እንግሊዛዊው ሐኪም ዊሊያም ሀርቪ እ.ኤ.አ. በ1628 ባሳተመው መጽሐፉ እንዲህ ብሎ አሰላ፦ ልብ ባንድ ምት ይህን ያህል ይረጫል፣ በግማሽ ሰዓት ይህን ያህል ጊዜ ይመታል። ሲያባዛው በሰውነት ካለው ደም ሁሉ በለጠበት። ጉበት ከምግብ ይህን ያህል ደም በግማሽ ሰዓት ሊሠራ አይችልም፤ እንግዲያው ያው ደም ነው የሚመላለሰው። የሳንባውን መንገድ ደግሞ ከእርሱ በፊት በአሥራ ሦስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ኢብን አል ነፊስ የተባለ፣ ካይሮ የኖረ የደማስቆ ሰው ጽፎታል።

ሀርቪ ያላገኘው ደሙ ከሚሄደው ሥር ወደሚመለሰው የሚሻገርበትን ድልድይ ብቻ ነበር። አለ ብሎ አመነ እንጂ አላየውም። ከሞተ አራት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1661፣ ማልፒጊ የተባለ ጣልያናዊ በእንቁራሪት ሳንባ ላይ አጉሊ መነጽር ደፍቶ እነዚያን ከፀጉር የቀጠኑ ሥሮች አያቸው።

፨

የአማርኛ ልብ አሳቢ ነው። «ልብ በል» ስንል አስተውል ማለታችን ነው። የማያስተውለው «ልብ የለውም»፣ ከስንት ጥፋት በኋላ የበሰለው «ልብ ገዛ»። የአእምሮን ጥናት ስም ማውጣት ሲመጣ «ሥነ ልቦና» አልነው። ስሜት ግን ከልብ ዝቅ ብሎ ነው የሚኖረው። የምንባባው በሆድ ነው፣ የሰው መከራ የሚበላው አንጀታችንን ነው፣ የምንወደውን «ሆዴ» እንላለን። በየካቲት መጀመሪያ ቦሌ ላይ የሚሸጠው ቀይ ልብ የተሰፋበት ትራስ ከፈረንጅ የመጣ ነው። በእኛ አማርኛ ቢሆን ኖሮ ጨጓራ ይሰፋበት ነበር።

በዚህ ብቻችንን አይደለንም። አርስቶትል አሳቡን ለልብ ሰጥቶ አንጎልን ማቀዝቀዣ ነው አለ። የጥንት ግብፆችም ሬሳ ሲያደርቁ አንጎሉን በአፍንጫ ጎልጉለው እየጣሉ ልቡን በቦታው ይተዉት ነበር።

ችግሩ የሚመጣው ይህ ሁሉ አማርኛ ሐኪም ቤት ሲገባ ነው። አንድ ሐኪም ኢኮ የሚባለውን የልብ ምስል አንሥቶ ሲጨርስ ለቤተሰቡ «የአባታችሁ ልብ አብጧል» አለ። ታላቂቱ ልጅ ፊቷ ተለዋወጠ። «አባቴ እንኳ ሰው አክባሪ ነው» አለች። ሐኪሙ መጀመሪያ አልገባውም፤ ሲገባው እስክሪብቶውን አስቀመጠና እጁን ጨብጦ አሳያት። ልብ የጭብጥ ያህላል። ለዓመታት ከፍ ካለ ግፊት ጋር ሲታገል ጡንቻው እንደ አናጺ ክንድ ይደነድናል፤ በኋላ ይሰለቸውና ይለጠጣል፣ ይሳሳል፣ ደሙ ወደ ኋላ ይጠራቀማል። ለዚህ ነው እግር የሚያብጠው፣ ለዚህ ነው ሰውየው በሦስት ትራስ የሚተኛው።

የሯጮችም ልብ ትልቅ ነው። የእነሱ ግን በልምምድ የሰፋ ስለሆነ ባንድ ምት ብዙ ይረጫል፤ ዐርፈው ሲቀመጡ በደቂቃ አርባ ጊዜ መትቶ ሊበቃው ይችላል። የእኔ ደረጃ ሳልወጣ ሰማንያ ነው።

፨

እናቴ የግፊት ኪኒኗን የምታስቀምጠው ስኳር ዕቃ ውስጥ ነው። ሦስት ዓይነት ነው። አምሎዲፒን «ነጯ»፣ ኢናላፕሪል «የምታስለኝ»፣ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ «የምታሸናኝ» ይባላሉ። ስሞቹ ፋርማሲስት ከሚያወጣው የተሻሉ ናቸው፤ ኢናላፕሪል በርግጥም አንዳንዱን ሰው ደረቅ ሳል ያስይዛል። ይህን ለሐኪሙ ብትነግረው በሌላ ይቀይርላት ነበር። እሷ ግን ለሐኪሙ አልነገረችውም፣ ዝም ብላ አቆመችው።

ኪኒን የሚቆምበት ምክንያት በእኛ ሰፈር ሞልቷል። «ተሻለኝ» አንዱ ነው። «ሰውነት ይለምደዋል፣ በኋላ ያለሱ አልሆንም» ሌላው። ጠበል ሲገባ ይቆማል። ጾም ሲገባ ይቆማል፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ሰው ጠዋት በውኃ ኪኒን መዋጥ ይከብደዋል። ሐኪሙ ቢጠየቅ አብዛኛውን ጊዜ ሰዓቱን ማሸጋሸግ ይቻላል፤ ግን ማን ይጠይቃል? ሐኪሙም እኮ አይጠይቅም። «እየወሰዱ ነው?» «አዎ ዶክተር።» በዚህ ሁለት ቃል ውስጥ ስንት ውሸት እንዳለ ስኳር ዕቃው ያውቃል።

ቡና ላይ ደግሞ ይካፈሉታል። «የኔዋን ቅመሺያት፣ እኔን እንደ ልጅ አድርጋኛለች።» አንድ ቀን ይህች «የምታስለኝ» ለነፍሰ ጡር ጎረቤት ልትሰጥ ስትል ደረስኩና ነጠቅኳት። ኢናላፕሪል ፅንስን ይጎዳል። እናቴ ተቆጣች፤ ለሰው መንሣትን እንደማትወድ አውቃለሁ።

፨

የዚያች የስኳር ዕቃ ሀብት ፍራንክሊን ሩዝቬልት አልነበረውም። የዓለም ጦርነት የሚመራ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት፣ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1944 አንድ ወጣት የልብ ሐኪም ሲመረምረው ግፊቱ 186 በ108 ነበር። ያኔ የነበረው ሕክምና ዕረፍት፣ ጨው መቀነስ፣ ለልቡ ዲጂታሊስ የሚባለው የዕፅዋት መድኃኒት ነው። ግፊቱን በደንብ የሚያወርድ ኪኒን ገና አልተሠራም። በየካቲት 1945 ግብፅ ውስጥ፣ በስዊዝ ቦይ መሐል ባለው ታላቁ መራራ ሐይቅ ላይ በቆመ የጦር መርከብ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ተቀብሎ አነጋገረ። ሁለት ወር ሳይሞላ፣ ሚያዝያ 12 ቀን፣ «ጭንቅላቴን በጣም አመመኝ» ብሎ ወደቀ። ያን ሰዓት ሲለካ 300 በ190 ነበር። 63 ዓመቱ ነው። ይፋዊ ሐኪሙ እስከ መጨረሻው «ጤናው ለዕድሜው ደህና ነው» ሲል ነበር።

ይህን ለእናቴ ነገርኳት። «አይ ምስኪን፣ አሜሪካም እንዲህ ነበረች?» አለችና ነጯን ዋጠች። የምታስለኝን አልነካችም።

፨

ጨው በእኛ ወጥ ውስጥ አንዴ አይገባም። በርበሬው ሲዘጋጅ ገብቷል፣ ሽሮው ሲዘጋጅ ገብቷል፣ ቁሌቱ ሲበስል ይገባል፣ ሊወርድ ሲል ተቀምሶ ይጨመራል፣ ሰው ሲቀርብ «ጨው አነሰው መሰለኝ» ተብሎ ጨው ዕቃው ይመጣል። ገጠር ደግሞ ቡናውም በጨው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ አዋቂ በቀን ከአምስት ግራም በታች ይላል፤ አንዲት የሻይ ማንኪያ አትሞላም። ባለሙያዋ በእጇ ነው የምትለካው፣ እጇ ደግሞ ከእናቷ የወረሰችው ሚዛን ነው። ጨው ውኃ ይይዛል፤ ውኃው ቱቦው ውስጥ ይገባል፤ ቱቦው ይወጠራል። ሌላ ምሥጢር የለውም።

አሞሌ ገንዘብ የነበረበት አገር ነው ይህ። ግመል ከአፋር ሜዳ ጭኖት ሽቅብ እየወጣ፣ ተራራ በወጣ ቁጥር ዋጋው የሚጨምር። ገንዘብ የነበረን ነገር «ቀንሱ» ማለት እንዴት ይከብዳል! እኔ አንድ ሰሞን ቤት ውስጥ ግማሽ አስደረግሁ። ሦስት ሳምንት ሁሉም ነገር ሣር ሣር አለኝ። ከዚያ ምላሴ ለመደ፤ ከዚያ ደግሞ ሰው ቤት ስጋበዝ ምግቡ የባሕር ውኃ ሆነብኝ። ይህን ባለቤቶቹ ፊት መናገር ነውር ስለሆነ እበላለሁ።

፨

«ልቤን ያቃጥለኛል።» በአማርኛ ከዚህ በላይ ሐኪም የሚያሳስት ዐረፍተ ነገር ያለ አይመስለኝም። ዘጠኙ ሰው ጨጓራውን ነው የሚናገረው። አሥረኛው እውነቱን ነው።

አጎቴ አሥረኛው ነበር። ማታ ሦስት ሰዓት ላይ አልጋው ጫፍ ተቀምጦ ደረቱ መሐል ጭብጡን ገጥሞ ያዘ። ላቡ ይወርዳል፣ ገላው ግን ቀዝቃዛ ነው። «ብርድ ነው» አለ። ሚስቱ ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት ወቅጣ አፈላችለት። የግቢው ሰው ተሰበሰበ። «ጨጓራ ነው፣ ወተት ስጡት።» ወተት ጠጣ። «በሶብላ ያሽትት።» አሸተተ። አንዱ ጀርባውን በቅባት አሸው። ግራ ክንዱ ሲደነዝዝ «ብርዱ ወደ እጁ ወረደ» ተባለ፣ ሁሉም ደስ አላቸው፤ መውረዱ መልካም ምልክት መሰላቸው። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ሐኪም ፊት ቀረበ።

«መቼ ነው የጀመረዎት?»

«ማታ ሦስት ሰዓት።»

ሐኪሙ ሰዓቱን አየ፤ ምንም አላለም። ኢሲጂው ሁሉንም ተናግሯል። የልብ ጡንቻ ራሱ የሚበላው ደም በስስ ሥሮች ይመጣለታል፤ የአንዱ ግድግዳ ላይ የተጋገረ ስብ ሲፈነዳ ደም ይረጋበትና ይዘጋል። ከዚያ ወዲያ ጡንቻው በየሰዓቱ ይሞታል፤ የሞተው አይበቅልም። አጎቴ ዛሬም አለ። ከሱቅ ዳቦ ገዝቶ ሲመለስ ግን ሁለት ቦታ ያርፋል፤ አንዱ ላይ ከኤሌክትሪክ ምሰሶው ጋር የሚነጋገር ይመስላል።

አንድ የልብ ሐኪም «በቃል አልጠይቅም፣ እጃቸውን ነው የማየው» አለኝ። «አሳዩኝ» ሲል፣ ባንድ ጣቱ ነጥብ የሚያሳየው ብዙውን ጊዜ ሌላ ሕመም ነው፤ ጭብጡን ደረቱ መሐል የሚያሳርፈውን ግን ቶሎ አልጋ ላይ ያወጣዋል። ሁልጊዜ አይሠራም፤ ስኳር ያለበት ሰውና ሴቶች አንዳንዴ ድካምና ማቅለሽለሽ ብቻ ይዘው ይመጣሉ። ቢሆንም እጅ ከአማርኛ ይሻላል አለኝ።

፨

የተዘጋውን ሥር ዛሬ የሚከፍቱት በእጅ አንጓ ወይም በብሽሽት በኩል ቀጭን ቱቦ እስከ ልብ ድረስ አስገብተው ነው። ይህን መንገድ መጀመሪያ የሄደው ሰው ጀርመናዊው ቬርነር ፎርስማን ነው። እ.ኤ.አ. በ1929 ገና ወጣት ሐኪም ሳለ አለቃው ከለከለው። እሱ የዕቃ ማከማቻውን ቁልፍ የያዘችውን ነርስ «በአንቺ ላይ እሞክራለሁ» ብሎ አሳመናት፣ ጠረጴዛ ላይ አሰራት፣ ከዚያ ዞር ብሎ የራሱን ክንድ በጥቶ ቱቦውን በደም ሥሩ አስገባ። ቱቦውን ክንዱ ውስጥ እንዳንጠለጠለ ደረጃ ወርዶ ራጅ ክፍል ገባ፤ ጫፉ ልቡ ውስጥ መድረሱን በዓይኑ አየ። የሙያ ባልደረቦቹ ለዓመታት ፊት ነሡት። እ.ኤ.አ. በ1956 የኖቤል ሽልማቱ ሲመጣ በአንዲት ትንሽ ከተማ የሽንት ቧንቧ ሐኪም ነበር።

ታስራ የነበረችው ነርስ ምን እንዳለች ሳስብ እስቃለሁ።

፨

ነጩን የፔኒሲሊን መርፌ ያየ ያውቀዋል። ብልቃጡ ውስጥ ያለው ዱቄት በውኃ ሲበጠበጥ እንደ አጥሚት ይወፍራል፤ ቶሎ ካልተወጋ መርፌውን ይደፍነዋል። ነርሷ ቀስ ብላ ነው የምትገፋው፤ ልጅቷ ደግሞ አልጋው ጠርዝ ላይ ጥርሷን ነክሳ ጣሪያውን ትቆጥራለች። ሲያልቅ እያነከሰች ትወጣለች። በአራተኛው ሳምንት ትመለሳለች። አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው፤ በትምህርት ቤት ካላንደሯ ላይ ቀኖቹን በቀይ ከባለች። ጓደኞቿ ሌላ ነገር መስሏቸው ይስቁባታል።

የሁሉም መነሻ የጉሮሮ ሕመም ነው። ልጁ ያተኩሰዋል፣ መዋጥ ያቅተዋል። እናት «ቶንሲል ነው፣ ይተወዋል» ትላለች፤ አያት «እንጥሉ ወርዷል» ብላ ቆራጭ ታስጠራለች። ሕመሙ በሳምንት ይተወዋል፤ እውነት ነው። ስትሬፕቶኮከስ የሚባለው ባክቴሪያ ካልታከመ ግን አንዳንዱ ልጅ ላይ የሰውነቱ መከላከያ ወታደሩን ከጠላት መለየት ያቅተዋል፤ መገጣጠሚያውን ያሳብጣል፣ ከዚያ የልቡን በሮች ያጠቃል። ሐኪሞች «መገጣጠሚያውን ይልሰዋል፣ ልቡን ይነክሰዋል» ይላሉ። በሩ ይጠብባል ወይም አይገጥምም፤ ደሙ በመጣበት ይመለሳል። ይህ የሚታወቀው ከዓመታት በኋላ ነው፤ ልጅቷ ውኃ ቀድታ ስትመለስ ከእኩዮቿ ወደ ኋላ ስትቀር፣ ወይም አግብታ አርግዛ ትንፋሽ ሲያጥራት።

በሀብታም አገሮች ይህ በሽታ ከሞላ ጎደል የታሪክ መጽሐፍ ገብቷል፤ ቤት ሰፋ፣ ሰው ባንድ አልጋ መደራረብ ቀረ፣ ፔኒሲሊን ደረሰ። በእኛ የጉሮሮው መድኃኒት ርካሽ ሆኖ ሳለ የበሩ ጥገና ደረት መክፈት ይጠይቃል። ያንን ለማድረግ ነው ዶክተር በላይ አበጋዝ እ.ኤ.አ. በ1989 የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃን ያቋቋሙት። ብዙ ልጆች እየተላኩ በውጭ አገር ታከሙ፤ እስራኤል፣ ሆሎን ከተማ ያለው የሕፃናት ልብ ማዕከል አንዱ ነበር። በመጨረሻ እ.ኤ.አ. በ2009 በጥቁር አንበሳ ግቢ የራሳችን ማዕከል ተከፈተ። እዚያ ኮሪደር ላይ የተቀመጡ እናቶች አንድ ጠባይ አላቸው፤ ልጃቸውን ሳይሆን የልጃቸውን ከንፈር ነው የሚያዩት። ቀለሙን።

አንድ የሚያበሽቀኝ ነገር አለ። መርፌው አልፎ አልፎ አለርጂ ስለሚያስነሣ አንዳንድ ክሊኒክ «እኛ አንወጋም» ይላል። ልጅቷ ካርዷን ይዛ ከበር በር ትዞራለች። ያንን ፍርሃት ለማሸነፍ የሚያስፈልገው አንዲት አድሬናሊን ብልቃጥና የሠለጠነ ሰው ነው።

፨

ለቅሶ ቤት፣ ድንኳን ውስጥ። «ምን አሟቸው ነበር?» «ምንም! በልተው ጠጥተው፣ ተጫውተው ተኙ፤ ጠዋት አልነሡም።» ሁሉም ከንፈሩን ይመጥጣል። ይህን «ምንም» በዚህ ዓመት ብቻ አራት ድንኳን ውስጥ ሰምቼዋለሁ።

፨

እ.ኤ.አ. በ1990 ጃፓኖች ለአንድ እንግዳ የልብ ሕመም ስም አወጡለት። በሽተኛው እንደ ልብ ድንገተኛ ሁሉ ደረቱን ይዞ ይመጣል፤ ሲታይ ሥሮቹ አልተዘጉም። የልቡ የታችኛው ክፍል ግን ደንዝዞ እንደ እንስራ ተነፍቷል። ኦክቶፐስ የሚያጠምዱበትን ማሰሮ ስለሚመስል ታኮትሱቦ አሉት። በብዛት የሚይዘው ያረጡ ሴቶችን ነው፣ ብዙውን ጊዜ ከድንገተኛ ሐዘን ወይም ድንጋጤ በኋላ። አብዛኞቹ በሳምንታት ውስጥ ይድናሉ።

ይህን ሳነብ ትዝ ያለኝ መርዶ ነው። የእኛ ሰው በሀዘን ልብ እንደሚቆም ኢኮ ሳያነሣ ያውቅ ነበር። መርዶ ለብቻው ላለ ሰው አይነገርም። ማታ አይነገርም። ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሽማግሌዎችና የነፍስ አባት ይሰበሰባሉ፣ ጎረቤት በሩ ላይ ይቆማል፣ ያዝ የሚያደርጉ ጠንካራ ሴቶች ቀድመው ይገባሉ። መጀመሪያ «ትንሽ አሞት ነበር» ይባላል። ሰውየው ግን ያን ሁሉ ሰው በዚያ ሰዓት ሲያይ ገና በሩ ሲከፈት ገብቶታል፤ ቃሉ እስኪመጣ ግን ሰውነቱ ተይዟል። ብልኃቱ እዚያ ላይ ነው።

የአክስቴ ልጅ ሪያድ ነው የምትሠራው። እናቷ ስታርፍ «ለእሷ እንዳትነግሩ፣ ብቻዋን ናት፣ ሰው ፈልገን እናስረዳታለን» ተባባልን። አንድ ዘመድ የማታውቃቸውን የኢትዮጵያውያን ቤተሰብ በስልክ አገናኘ፤ ዓርብ ሊሄዱላት ተስማሙ። ረቡዕ ማታ አንድ የሰፈር ልጅ የአክስቴን ፎቶ ከሻማ ሥዕል ጋር ፌስቡክ ላይ ለጠፈ። «ነፍስ ይማር እማማ።» እሷ ወጥ ቤት ቆማ ዕቃ እያጠበች፣ በሳሙና እጇ ስልኳን ከፈተች።

ልጁ ክፉ አይደለም። አዝኖ ነው የለጠፈው።

፨

ሰው መንገድ ላይ ሲወድቅ የሚደረገውን አያለሁ፤ ውኃ ይረጩበታል፣ ክብሪት ጭረው አፍንጫው ሥር ይይዙለታል፣ «አየር! አየር!» እያሉ አየሩን ዘግተው ይከቡታል። ልቡ የቆመ ሰው የሚፈልገው ግን ደረቱ መሐል በሁለት መዳፍ፣ አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል ጠለቅ እያለ፣ በደቂቃ ከመቶ እስከ መቶ ሃያ ጊዜ የሚጫነው ሰው ነው። እስክስታ የሚችል ሕዝብ ምት መጠበቅ አያቅተውም።

፨

ቅዳሜ መገናኛ ላይ ታክሲ ጠፋ። ቆሜ ስጠብቅ ያ ልጅ አየኝ። «ኪሎ? ግፊት?» ይህን ሁሉ ስጽፍ ከርሜ እኔ ከተለካሁ ስንት ጊዜ ሆነኝ ብዬ አሰብኩ። ሁለት ዓመት አልፎታል።

«እጅዎን ያምጡ።»

ጃኬቴን አወለቅሁ። ስልኬን ዘጋሁ። እግሬን አነጠፍሁ፣ ክንዴን ጉልበቱ ላይ አሳረፈልኝ። በርጩማው መደገፊያ የለውም፣ እሱን ምን አደርጋለሁ። ጨርቁ ተነፍቶ ያዘኝ፤ ከክርኔ በታች የራሴን ምት ሰማሁ። ለቀቀ።

«148 በ92» አለ። «ቡና ጠጥተዋል?»

«አዎ።»

«ስንት?»

«ሦስት።»

ሳቀ። «ይኼ አይቆጠርም። ነገ ሳይጠጡ ይምጡ።»

«ነገ እኮ እሑድ ነው።»

«እኔ እሑድም አለሁ» አለኝና ቁጥሩን ጽፎ ወረቀቷን ዘረጋልኝ። አጥፌ ደረት ኪሴ ከተትኳት።